«ውሻው»፦ ስለ አንድ የባሌ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አነባበብ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለውይይት በቀረበ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቅ ውስጥ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ተካትቶ ነበር። ፎቶግራፉ በጎኑ የቆመ አንድ እንስሳ ያሳያል። ከሥሩ የሰፈረው መግለጫ «ቀይ ቀበሮ፣ ባሌ፣ 1950ዎቹ» ይላል። የረቂቁ አዘጋጅ ፎቶግራፉን ያገኘው በዲጂታል ቅጂ ሲሆን፣ ከቅጂው ጋር የተያያዘው መረጃ ቦታውን «ብድሬ» ብሎ ይመዘግባል። በዚህም መሠረት በረቂቁ ካርታ ላይ ከብድሬ አጠገብ አንዲት ነጥብ ተቀምጣለች። ነጥቧም ቀይ ቀበሮ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት ከሳነቴና ከዌብ ሸለቆ እጅግ ዝቅ ባለ ስፍራ ይኖር እንደ ነበረ «ጠቋሚ ማስረጃ» ተደርጋ ተወስዳለች። በውይይቱ ላይ ስለ ናሙና አመራረጥ፣ ስለ ንድፈ ሐሳብ ማዕቀፍ፣ ስለ ምንጭ አጠቃቀስ ብዙ ተባለ። ስለ ፎቶግራፉ ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከወራት በኋላ በሌላ ጉዳይ ብድሬ ሄጄ ሳለ የፎቶግራፉን ዋና ቅጂ በአንድ ቤተሰብ እጅ አየሁት። መጠኑ 6 በ9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠርዙ እንደዚያ ዘመን ፎቶግራፎች ሁሉ በጥርስ የተቆረጠ ይመስላል። ዋናው ቅጂ በረቂቁ ላይ ካየሁት ምስል በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ በስተቀኝ በኩል ሣሩ ላይ የተጋደመ የአንድ ሰው ጥላ አለ፤ ከጥላው ጎንም የበትር ጫፍ የሚመስል ቀጭን መስመር ይታያል። ዲጂታል ቅጂውን ያዘጋጀው ሰው ምስሉ «ንጹሕ» እንዲሆን ብሎ ይመስለኛል፣ ያን ጠርዝ ቆርጦታል። ሁለተኛ፣ በጀርባው በሰማያዊ ቀለም «ውሻው። ባሌ።» ተብሎ ተጽፏል። ጀርባው ስካን አልተደረገም።

እኔ የታሪክ ተማሪ ነኝ፤ በእንስሳት ሳይንስ አልሠለጠንሁም። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የምከራከርበት ጉዳይ እንስሳው ውሻ ነው ወይስ ቀበሮ የሚለው ብቻ አይደለም። የእኔ ክርክር ያረጀ ፎቶግራፍ ሊሸከመው የማይችለውን ስም ስናሸክመው፣ በእርግጥ ይዞት የነበረውን ምስክርነት እናጠፋለን የሚል ነው። ባሌ ውስጥ ደግሞ የጠፋው ምስክርነት የእረኛው ነው።

ከቀለሙ ልነሣ። በአማርኛ ይህን እንስሳ የምንጠራው በቀለሙ ነው፤ ቀይ ቀበሮ እንለዋለን። በባሌ ኦሮምኛ ግን ከሚጠራባቸው ስሞች አንዱ ጄዳላ ፈርዳ፣ የፈረስ ቀበሮ እንደ ማለት ነው፤ ይህም ከከብትና ከፈረስ አጠገብ ከመታየቱ ጋር ይያያዛል። ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የአማርኛ ስሙን የተሸከመውን ምልክት፣ ቅላቱን፣ ገና ከጅምሩ ያስቀርበታል። (በዚያው በሳነቴ አምባ 4,377 ሜትር ላይ የቆመው ቱሉ ዲምቱም ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ተራራ ማለት ነው። በእንዲህ ዓይነት ፎቶግራፍ ላይ ተራራውም እንስሳውም ስማቸውን አጥተው እኩል ግራጫ ሆነው ይገናኛሉ።) ታዲያ ተመልካቹ ከግራጫው ውስጥ ቀዩን ያየው በምንድን ነው? መግለጫውን አስቀድሞ ስላነበበ ነው።

ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀለም አያይም ማለት ልማድ ሆኗል። አባባሉ ግን ልክ አይደለም፤ ፊልሙ ቀለምን ያያል፣ የሚያየውንም እንደየዓይነቱ ወደተለያየ ግራጫ ይመልሰዋል። ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው የቆየ ፊልም ለሰማያዊና ለአረንጓዴ ብርሃን ስስ ሲሆን ለቀይ ብርሃን ዕውር ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ቀይ ነገር ሁሉ በእርሱ ላይ ጠቁሮ ይወጣል። ፓንክሮማቲክ የሚባለው ግን ቀዩንም ስለሚቀበል ያው ቀይ ነገር መካከለኛ ግራጫ ይሆናል። በዓለም ዙሪያ በተራ ሰው እጅ በስፋት ከገቡት ፊልሞች አንዱ የነበረው የኮዳክ ቬሪክሮም እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ ኦርቶክሮማቲክ ነበረ፤ በ1956 ቦታውን ለፓንክሮማቲኩ ቬሪክሮም ፓን ለቀቀ። እንግዲህ አንድ ቀይ ቀበሮ በመጀመሪያው ፊልም ቢነሣ ጀርባው ከሰል መስሎ፣ ጉሮሮውና ደረቱ በረዶ መስሎ የሚታይ ጥቁርና ነጭ ውሻ ሊመስል ይችላል። በሁለተኛው ቢነሣ ልዩነቱ ለዝቦ አንድ ዳማ ውሻ ሊመስል ይችላል። ደረተ ነጭ የሆነ ዳማ ውሻ ደግሞ ሮቤ ገበያ ዳር በየቀኑ የምናየው ነው።

እዚህ ላይ «1950ዎቹ» የሚለው መግለጫ ጣጣ ያመጣል። በየትኛው አቆጣጠር? በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ዘመኑ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1967 ድረስ ያለው ነው፤ የተጠቀሰው ፊልም ወደ ፓንክሮማቲክነት ከተለወጠ በኋላ ማለት ነው። በአውሮፓውያኑ ከሆነ ግን ለውጡ የሚወድቀው ልክ በመካከሉ ነው። ይህ ሰባትና ስምንት ዓመት እያልን የምናልፈው ልዩነት የእንስሳውን ጀርባ እንደ ቀይ ወይም እንደ ጥቁር የማንበብን መብት ይወስናል። በዚያ ላይ አሮጌ ፊልም በሱቅ መደርደሪያ ላይ ዓመታት ሊቆይ እንደሚችል፣ ሌሎች ኩባንያዎችም በየራሳቸው ጊዜ እንደ ሠሩ መዘንጋት አይገባም። «1950ዎቹ» ብሎ የጻፈው ሰው አቆጣጠሩን አልገለጸም፤ ከፎቶግራፉ ጀርባም ዓመተ ምሕረት የለም። ዘመኑን ከምን እንዳገኘው አይታወቅም፤ ምናልባት ከጥርሳማው ጠርዝ ገምቶት ይሆናል።

ቀለሙ ካልረዳ ቅርጹስ? የእንስሳት ሳይንስ ባልደረቦቼ እንደሚሉት ቀይ ቀበሮን ከውሻ የሚለዩት ቀጭንና ረጅም ፊቱ፣ ረጃጅም እግሮቹ፣ ሰፋፊና ሹል ጆሮዎቹ፣ እንዲሁም ከሥሩ ነጭ ሆኖ ጫፉ የጠቆረ ወፍራም ጅራቱ ናቸው። ክብደቱ ከ11 እስከ 20 ኪሎ ግራም ስለሆነ ከመካከለኛ ውሻ አይለይም። በእኛ ፎቶግራፍ ላይ እንስሳው ፊቱን ወደ ጥላው አዙሯል፤ የፊቱ ርዝመት አይለካም። እግሮቹ እስከ ጉልበት በሣር ተሸፍነዋል። ጅራቱ ደግሞ ደብዝዟል። የቀረው አካሉ በመጠኑ ጥርት ብሎ ሳለ ጅራቱ ብቻ ጭስ መስሎ መውጣቱ፣ ካሜራው መስኮቱን በከፈተባት ቅጽበት ጅራቱ ይንቀሳቀስ እንደ ነበረ ያመለክታል። ያ ዘመን ተራ ሰው ይይዛቸው የነበሩት የሣጥን ካሜራዎች ፍጥነታቸው በተለምዶ ከሰከንድ አንድ ሃምሳኛ አካባቢ ስለነበረ፣ የሚወዛወዝ ነገር ይደበዝዝባቸዋል። ለእንስሳት ሳይንስ ወሳኙ ምልክት፣ የጅራቱ ጫፍ፣ የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ያው መደብዘዝ ሌላ ነገር ይነግረናል፦ እንስሳው ፊቱን ወደ አንድ ሰው አዙሮ ጅራቱን ይቆላ ነበር። ነፋስም ሊሆን ይችላል የሚል ካለ አልከራከረውም፤ ሣሩ ግን አልደበዘዘም።

ብድሬ ላይ ፎቶግራፉን ያሳዩኝን አዛውንት፣ «እማማ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህ ቀበሮ ነው ተብሏል» አልኋቸው። ሥዕሉን ወደ ብርሃኑ አዞሩና፣ «ልጄ፣ ቀበሮ ቆሞ ፎቶ ይነሣል እንዴ?» አሉኝ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም፤ ግን እርሱም ቢሆን ፈተና ይገጥመዋል። የባሌ ቀይ ቀበሮ በቀን የሚያድን፣ በዌብና በሳነቴ የሰውን መኖር የለመደ እንስሳ ነው። ፍልፈልና አይጥ ከጉድጓድ እስኪወጣ ድረስ ድርቅ ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። በከብት መንጋ መካከል ተጠግቶ፣ ከብቱን እንደ መከለያ ተጠቅሞ እንደሚያድንም በባሌ ተስተውሏል። ስለዚህ ከእንስሳው ጀርባ ደብዘዝ ብሎ የሚታየው ጥቁር ነገር ከብት ቢሆን እንኳ፣ ከብት ስላለ ውሻ ነው ማለት አንችልም። የአዛውንቷ ጥያቄ የሚያጸናው ነገር አለ፤ ቀበሮ ቆሞ ሊነሣ ይችላል፣ ወደ በትረኛ ዞሮ ጅራቱን መቁላቱ ግን ለማመን ይከብደኛል።

ወደ ጀርባው ጽሑፍ እንለፍ፤ በእኔ አስተያየት ፎቶግራፉ ከያዘው ሁሉ የበለጠ ክብደት ያለው እርሱ ነው። ጸሐፊው «ውሻ» አላለም፤ «ውሻው» አለ። በአማርኛ ይህች መጨረሻ ላይ ያለችው «ው» ሁለት ሥራ ትሠራለች። በአንድ በኩል የታወቀ መሆንን ታመለክታለች፤ ማንኛውም ውሻ ሳይሆን ጸሐፊውና አንባቢው አስቀድመው የሚያውቁት ያ ውሻ ማለት ነው። በሌላ በኩል ባለቤትነትን ታመለክታለች፤ የእርሱ ውሻ ማለት ነው። «ቤቱ» ስንል እንደምንቸገረው ሁሉ እዚህም ያለ ዐውድ መለየት አይቻልም። በመጀመሪያው ንባብ ውሻው ወንድ ነው፣ ፎቶግራፉም የተላከው ውሻውን ለሚያውቅ ሰው ነው። በሁለተኛው ንባብ ስለ ውሻው ጾታ የተነገረን ነገር የለም፤ ነገር ግን አንድ ወንድ ባለቤት አለው፣ ያ ባለቤት በምስሉ ላይ ካለ ደግሞ ያለው በጥላው ብቻ ነው። ሁለቱም ንባቦች በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ይህ እንስሳ ከአንድ ሰው ጋር የሚተዋወቅ ነው። «ቀይ ቀበሮ» የሚለው መግለጫ ይህን አንድ ፊደል ሰርዞታል።

«ባሌ» የሚለው ቃልስ? ዛሬ ባሌ ስንል በአእምሯችን የሚመጣው ደጋው፣ ጎባና ሮቤ፣ ዲንሾና ሳነቴ ነው። የዱሮው የባሌ ጠቅላይ ግዛት ግን መቀመጫውን ጎባ ላይ አድርጎ ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ ተነሥቶ በሀረና ጫካ በኩል እስከ ገናሌ ቆላ ይወርድ ነበር። በዚህ ስፋት ውስጥ «ባሌ» የሚል ጽሑፍ ስለ ከፍታ የሚነግረን ነገር የለም። ቀይ ቀበሮ በአብዛኛው ከ3,000 ሜትር በላይ የሚኖር ስለሆነ የከፍታው ጥያቄ ለዝርያው ጥያቄ ግማሽ መልስ ነበረ። በምስሉ ጀርባ ላይ አንድ ጅብራ ብትታይ ኖሮ እንኳ ስለ ውርጩ አምባ ለመናገር መነሻ ይሆነን ነበር፤ የሚታየው ግን ችምችም ያለ ሣርና ሩቅ የተጋደመ ሸንተረር ብቻ ነው። «ብድሬ» የሚለውም ቢሆን የተነሣበት ቦታ አይደለም፤ ፎቶግራፉ ዛሬ የሚገኝበት ቤት ያለበት ከተማ ነው። ቤተሰቡ ከዓመታት በፊት ከደጋው ወደ ብድሬ እንደ መጣ አዛውንቷ ነግረውኛል። ፎቶግራፍ እንደ ሰው ከቦታ ቦታ ይሄዳል፤ በሻንጣ፣ በቁርኣንና በዳዊት ገጾች መካከል፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ ይጓዛል። የተገኘበትን ቦታ የተነሣበት ቦታ አድርጎ ካርታ ላይ ማስፈር፣ አንድን ሰው የተቀበረበትን ቦታ አይቶ የትውልድ ስፍራውን እንደ መወሰን ነው።

«አንዲት ነጥብ ናት፤ ምን ታመጣለች?» የሚል አንባቢ ይኖራል። የነጥቧ ጉዳት የሚታየው ስለ ውሻ በባሌ የሚደረገውን ክርክር ለሚያውቅ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከእነርሱም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ትልቁ ስጋታቸው ደግሞ ከውሻ የሚመጣ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ ከዚያም በ2003 እና 2004፣ እንደገና በ2008 እና 2009 በባሌ ቀበሮዎች ላይ ወርዷል፤ በ2003ቱ ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራቱ ሦስት እጅ ያህሉ አልቀዋል። ዳዳ ጎቴሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት የዘረመል ጥናት በዚያው ሸለቆ የውሻና የቀበሮ ዲቃሎች መኖራቸውን አረጋግጠዋል፤ ዲቃሎቹ ፊታቸው አጠር፣ አካላቸው ደልደል ያለ፣ የፀጉራቸውም መልክ የተለየ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ በአካባቢው ያሉ ውሾችን መከተብ የጥበቃው ሥራ ዋና ክፍል ሆኗል። ይህን ሁሉ የማነሣው ውሻ ለቀበሮ አደጋ መሆኑን ለመካድ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ ነው።

ጥያቄው የዘመን ነው። ውሻ በዚህ ደጋ መቼ መጣ? ከማን ጋር መጣ? የባሌ ሕዝብ ወቅትን እየተከተለ ከብቱን ወደ ከፍተኛው ግጦሽ የሚያወጣበትና የሚመልስበት ጎዳንቱ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለው፤ ውሻም ከመንጋው ጋር አብሮ ይወጣል፣ ጅብና ነብር ሲመጣ ይጮኻል። ፓርኩ የተመሠረተው በ1962 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን፣ ወሰኑ በሕግ የጸናው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ በ2023 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ስለ ሰፈራና ስለ ግጦሽ በተደረገው ድርድር ውስጥ «ከመቼ ጀምሮ?» የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሣል። ታዲያ የድሮ ፎቶግራፎች ላይ ያሉትን ውሾች ሁሉ ቀበሮ ብለን ከጻፍን፣ ያለፈው ዘመን ቀበሮ ብቻ የሚኖርበት ሰው አልባ አምባ ሆኖ ይታያል። ውሻ በታሪክ ገጽ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ የሚለው ከበሽታ ጋር፣ ባለቤቱም ከወንጀል ጋር ይሆናል። በረቂቁ ካርታ ላይ የተቀመጠችው ነጥብ አንድ ቀበሮ ጨምራለች፤ አንድ ሰው ግን ቀንሳለች። ዲጂታል ቅጂውም ጥላውን በመቁረጥ ይህንኑ ሥራ በመቀስ አከናውኖታል።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፣ አንድ የተሳሳተ መግለጫ ለሌላው በር ይከፍታል። በዚሁ ውይይት ማግስት አንድ ባልደረባዬ የእንስሳውን ደልዳላነት አይቶ «ዲቃላ ሳይሆን አይቀርም» ብሎኛል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥናት «ከ1950ዎቹ ጀምሮ የዲቃላ መኖር ተመዝግቧል» ብሎ ቢጠቅሰው ማን ይከለክለዋል? ደልዳላነቱ ከፀሐዩ አቅጣጫ ወይም ከካሜራው ዝቅ ብሎ መያዝ የመጣ ሊሆን ይችላል። የዘረመል ምርመራ የሚጠይቅን ፍርድ ከአራት ማዕዘን ወረቀት መጠበቅ ለሁለቱም ሙያ ክብር አይሆንም።

በአገራችን የውሻ ፎቶግራፍ በቃል ሲዋጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ሉሉ በብዙ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ እግር ሥር ወይም ከጎናቸው ይታያል። የፖላንዱ ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የሹማምንቱን ጫማ ከሉሉ ሽንት በጨርቅ መጥረግ ሥራው የነበረ ሰው ይናገራል፤ ሉሉም የጃፓን ዝርያ ተብሏል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግን ቺዋዋ እንደ ነበረ ነው። መጽሐፉን የኢትዮጵያን ታሪክ የሚያውቁ ምሁራን ስለ ታማኝነቱ አጥብቀው ነቅፈውታል። ቢሆንም ከመጽሐፉ በኋላ እነዚያን ፎቶግራፎች የሚያይ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሹማምንቱ ጫማ ነው። ምስሉ ላይ ጨርቅ የያዘ ሰው የለም፤ ተመልካቹ ግን ያየዋል። የሉሉ ዕድል ግን ከብድሬው ውሻ ዕድል በአንድ ነገር ይሻላል፤ የሉሉን ስም ማንም አልቀማውም።

ይህን ስል ፎቶግራፎችን ከጥናት እናውጣ ማለቴ አይደለም። አንዳንድ መምህራን እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥማቸው «ምስል ማስረጃ አይሆንም፤ ሰነድ አምጣ» ይላሉ። በዚህ አልስማማም። ስለ ባሌ እረኛ የተጻፈ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ የግብር፣ የክስና የዘመቻ ሰነድ ነው፤ እረኛው በውስጡ የሚገባው ከባለሥልጣን ጋር ሲጋጭ ነው። አንድ ሰው በተራ ቀን፣ ከብቱን እየጠበቀ፣ ውሻው ወደ እርሱ ዞሮ ሳለ የሚያሳይ ነገር ከእነዚያ መዝገቦች ውስጥ አይወጣም። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ከ1867 እስከ 1935 የተነሡ የኢትዮጵያ ፎቶግራፎችን ሰብስበው ሲያሳትሙ ምን ያህል የታሪክ ሀብት በምስል እንዳለ አሳይተውናል። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን፣ ካሜራ ወደ አስተማሪው፣ ወደ ወታደሩና ወደ ጸሐፊው እጅ የገባበት ጊዜ፣ አብዛኛው ምስሉ ገና በየቤቱ ቆርቆሮ ውስጥ ነው።

እንግዲህ የብድሬውን ፎቶግራፍ እንዴት ላንብበው? ውሻው አንገት ላይ ማሰሪያ የለም። ይህን አይቶ ባለቤት የለውም የሚል አንባቢ የከተማ ዓይን አለው፤ የባሌ ውሻ ባለቤት ቢኖረውም ማሰሪያ አያውቅም። ከጥላው እስከ ውሻው ያለው ርቀት አምስት ስድስት እርምጃ ይመስላል። ይህንንም አይቶ ፍቅር የለም የሚል ይኖራል። በአብዛኛው ሙስሊም በሆነው የባሌ ደጋ ውሻን ለጥበቃና ለእረኝነት መያዝ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ምራቁ የነካው ስለሚታጠብ ውሻ ከቤትና ከምንጣፍ ይርቃል። በክርስቲያኑም ቤት ቢሆን ውሻ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ ይጠበቃል፤ መኖሪያውም ደጅ ነው። እንደ ሉሉ በንጉሥ እግር ሥር የሚተኛ ውሻ ልዩ ዕድል ያለው ነው። ስለዚህ አምስት እርምጃ በዚህ አገር የመተዋወቅ ርቀት ነው፤ ውሻው ዘመድ ለመሆኑ ምስክሩ መዞሩ ነው።

ጥላው የማን ነው? ካሜራውን የያዘው ሰው ጥላ ሊሆን ይችላል፤ የዚያ ዘመን ጀማሪ ፎቶ አንሺ ፀሐይን ከጀርባው አድርግ ተብሎ ስለሚማር ጥላው በምስሉ ውስጥ ይገባበታል። ነገር ግን የሣጥን ካሜራ በሁለት እጅ ደረት ላይ ተይዞ ስለሚነሣ በትር አያስይዝም፤ ጥላውም የገባው ከመሐል ሳይሆን ከጎን ነው። እኔ ከጎን የቆመ ሌላ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ፤ «ውሻው» የሚለውንም «የእርሱ ውሻ» ብዬ አነባለሁ። ይህ ግን ግምቴ ነው፤ ካታሎግ ላይ ሊገባ የሚገባውም «ግምት» ተብሎ፣ ከነገማቹ ስምና ከነቀኑ ነው። ለእንደዚህ ዓይነት ስብስብ የሚያስፈልገን ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥርዓት አይደለም። በዓይን የሚታየው ለብቻ፣ ከፊትና ከጀርባ የተጻፈው ቃል በቃል ለብቻ፣ የተገመተው ለብቻ ይመዝገብ። የተገኘበት ቦታ ከተነሣበት ቦታ ተለይቶ ይጻፍ። ዓመተ ምሕረት ሲጻፍ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይገለጽ። ጀርባው ባዶ ቢሆን እንኳ ስካን ይደረግ፤ ባዶነቱም መረጃ ነውና። ጠርዝ አይቆረጥ።

የረቂቁ አዘጋጅ ይህን ስነግረው ነጥቧን ከካርታው ላይ አንሥቷል፤ ላመሰግነው እወዳለሁ። ፎቶግራፉን ግን አላስወጣውም፤ ስለ ጎዳንቱ ወደሚናገረው ምዕራፍ አዛውሮታል፤ እዚያ የተሻለ ቦታ አለው። ዲጂታል ቅጂው በነበረበት ስፍራ ዛሬም «ቀይ ቀበሮ» እንደ ተባለ አለ፤ እንዲታረም ጠይቄ መልስ እየጠበቅሁ ነው።

ብድሬን ስለቅ ጀርባውን በስልኬ አንሥቼ ለአዛውንቷ አሳየኋቸው። የማን ውሻ እንደ ነበረ አያስታውሱም፤ ጽሑፉ የታላቅ ወንድማቸው እጅ ሳይሆን እንዳልቀረ ብቻ ነገሩኝ። ከዚያም ፎቶግራፉን አስተልቄ አሳትሜ እንድልክላቸው ጠየቁኝ። «እሺ» አልኋቸው። በር ላይ ሸኝተውኝ ሲመለሱ ዞር ብለው፣ «እንደዚያኛው ጥላውን እንዳትቆርጡብኝ» አሉኝ።